ጥሬ ምግብ ለጤና፦ ጎንደር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ጥሬ መብላት ለጎንደር ሰው ብርቅ አይደለም። ቁርጡ አለ፣ የሽንብራ እሸቱ አለ፣ ቲማቲም በቃሪያው አለ። አዲሱ ነገር «ከ48 ዲግሪ በላይ የሞቀ ምግብ አልቀምስም» የሚለው ነው። ደንቡ ከውጭ መጥቶ በየስልኩ ሲዞር ከረመ፤ አሁን ጂም ቤትም ጁስ ቤትም ወሬው እሱ ሆኗል። አትክልትና ፍራፍሬ መጨመር ጥሩ ነው፤ አብዛኞቻችን የምንበላው ትንሽ ነውና። ችግር የሚመጣው የትኛው ጥሬውን እንደሚበላና የትኛው እሳት እንደሚፈልግ ሳይለዩ ሲጀምሩት ነው።

ሰላጣን በሎሚ ነክሮ «ጸዳ» ማለት

ከቅዳሜ ገበያ የመጣ ሰላጣ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ከግንዱ ጋር የተያያዘበትን ቢያዩት፣ እጥፋቱ ውስጥ ስስ ጭቃ ተለጥፎ ያገኛሉ። ወስፋትና አሜባም ካሉ መደበቂያቸው እዚያ ነው። የቀሃም ሆነ የአንገረብ ወንዝ ከተማውን አልፎ ሲወርድ ምን እንደሚሸከም የጎንደር ሰው ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ውሃ የበቀለ ቅጠል ደግሞ የጠጣውን ይዞ ቤት ይገባል።

ሎሚና ኮምጣጤ የባክቴሪያውን ቁጥር ሊቀንሱ ይችላሉ። የወስፋት እንቁላል ግን ወፍራም ቅርፊት ስላለው አይበገርላቸውም፤ በረኪናም ብዙ አይነካውም። የሚያዋጣው ማሸት ነው። ግንዱን ቆርጠው ይጣሉት። ቅጠሉን አንድ በአንድ ለይተው፣ በሚፈስ ውሃ ፊቱንም ጀርባውንም በጣት ይሹት። ቧንቧው ከጠፋ ሰው በጆግ ያፍስልዎት። ማለቅለቂያው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን። ሁሉንም አንድ ሳፋ ውስጥ መዘፍዘፍ ግን የአንዱን ጭቃ ለሌላው ማከፋፈል ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ነው ካሉ፣ ተልጦ የሚበላውን ይምረጡ፦ ብርቱካን፣ ሙዝ፣ ፓፓያ፣ ካሮት፣ አቮካዶ። አቮካዶም ቢሆን ሳይቆረጥ ይታጠብ፤ ቢላው የልጣጩን ቆሻሻ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ውጭ ሲበሉ ደግሞ ማን እንዴት እንዳጠበው አይታወቅም፤ እኔ ብሆን የበሰለ ጎመን አዛለሁ።

ቁርጥን ከጤና ምግብ መቁጠር

«ሚጥሚጣው ይገድለዋል፣ አረቄው ያቃጥለዋል» ሲባል ያልሰማ የለም። ሁለቱም የኮሶን ትል አይገድሉም። ሥጋው ውስጥ ያለው እጭ በትንሽ ከረጢት ተሸፍኖ የተቀመጠ ነው። ሆድ ውስጥ ሲገባ አንጀት ላይ ይጣበቅና ሜትሮች የሚረዝም ትል ይሆናል።

የልኳንዳው ማህተም ይረዳል፣ ዋስትና ግን አይደለም። መርማሪው የሚቆርጠው ልብን፣ ምላስንና የመንጋጋ ጡንቻን የመሰሉ የተወሰኑ ቦታዎችን ነው፤ እጩ ትንሽ ከሆነ ያልፈዋል። የቅርጫ ሥጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭራሽ መርማሪ አያየውም። ክትፎን ለብለብ ማድረግም ማብሰል አይባልም። ሥጋን ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ለ10 ቀን ማቀዝቀዝ እጩን ይገድላል፤ መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቤት ግን ማን ይተማመናል? የድሮ ሰዎች ጥሬ ሥጋ ሲወዱ ኮሶ መጠጣቱንም ያውቁበት ነበር። የዛሬው ቁርጡን ይዞ መድኃኒቱን ረሳው። ቁርጥ አልተውም የሚል ሰው ሰገራውን ያስመርምር፤ ክኒኑንም በባለሙያ ትእዛዝ ይውሰድ። ነፍሰ ጡር ግን ጨርሶ አትሞክረው፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ለፅንሱ ያሰጋል።

የጓያ እሸት

ይህን ከሁሉ በላይ የምፈራው ለእኛ አገር ቅርብ ስለሆነ ነው። ደምቢያ የጓያ አገር ነው። ጓያ ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለ። ሰው ለሳምንታት ዋና ምግቡ ካደረገው እግሩ ሊያዝ ይችላል፤ ከተያዘ በኋላም አይመለስም። የዱሮ ሰው የጓያውን እንፋሎት ይፈራ ነበር፤ የሚጎዳው ግን መብላቱ ነው። እሸቱን ጥሬውን መብላት ደግሞ አደጋውን ከሚያባብሱት አንዱ ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። የእህል እሸት ካማረዎት ሽንብራ አለልዎት።

ቀይ ቦሎቄም ጥሬውን አይሞከርም። ዘፍዝፈው ውሃውን ደፍተው፣ በደንብ እስኪበስል ይቀቅሉት፤ ለብ ያለ ውሃ አይበቃውም።

በቆልት

ባቄላ ወይም አብሽ አብቅሎ ሳያበስሉ መብላት አሁን ፋሽን ነው። እህል የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ግን ባክቴሪያም የሚራባበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ከአብሽ በቆልት ጋር በተያያዘ ኢ. ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ወረርሽኝ ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። እኛ በቆልትን የምንቀቅለው በከንቱ አይደለም።

«እውነተኛ ወተት» እያሉ ጥሬውን መጠጣት

ብሩሴላ የሚባለው ባክቴሪያና የከብት ቲቢ ከላም ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ያፍሉት። ሌላ የሚባል የለም።

እንጀራን እርግፍ አድርጎ መተው

እሳት የነካው ሁሉ «የሞተ ምግብ» ነው ይላሉ። እውነት ነው፣ ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይቀንሳል። የካሮትን ቢጫ ቀለምና የቲማቲምን ቀይ ግን ሰውነት በደንብ የሚወስደው በዘይት ሲበስሉ ነው። እንጀራም ቢሆን ሊጡ ሲቦካ በእህሉ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት እንዳይወስደው አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። በእሳት ስለተጋገረ ብቻ መጣሉ አያስኬድም።

በጀርመን ጊሰን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ለዓመታት ጥሬ ሲበሉ የኖሩ ሰዎችን አይቷል። ከ45 ዓመት በታች ካሉት ሴቶች 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ተዛብቶ ወይም ቆሞ ነበር። ክብደት ከልክ በላይ ከመቀነሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ በእንስሳት ውጤት እንጂ በቅጠል አይገኝም። ጾምን ጥሬ አትክልት ብቻ አድርጎ የሚያሳልፍ፣ ከጾሙ ውጭም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የማይነካ ሰው የደሙን ልክ ቢያስመረምር ይሻለዋል። ድካምና የእጅ እግር መደንዘዝ ከመጣ አይጠብቁ።

ስፕሪስን ከአትክልት መቁጠር

ስኳር የተጨመረበት ስፕሪስ ስኳር ነው። ፍሬውን በማንኪያ ይብሉት። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ኩላሊቱን የሚታመም ሰውም ሙዝና አቮካዶ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ፖታሲየማቸው ብዙ ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ የጎመኑን መጠን በድንገት ከፍ ዝቅ አያድርግ፤ የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባበታል።