ዲስኩን ማን በላው? ሰርቨር ላይ ሳይታሰብ የሚጠፋ ቦታን ማደን

ዲስክ ሲሞላ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ መሰረዝ ነው። አንድ ትልቅ ፋይል አግኝቶ ማጥፋት፣ እፎይ ማለት፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን እንደገና እዛው መገኘት። ትልቅ ፋይል ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። 200 ጊጋባይት የያዘው የዳታቤዝ ፎልደር ዓመቱን ሙሉ ከ200 ንቅንቅ ሳይል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን እየበላ ያለው ግን ትናንት 2 ጊጋ የነበረ፣ ዛሬ 9 የደረሰ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው የሎግ ፋይል (ፕሮግራም የሚሠራውን የሚመዘግብበት) ነው። ስለዚህ የምናድነው ትልቁን ሳይሆን የሚያድገውን ነው።

የማወራው ስለ ሊኑክስ ነው። ኮማንዶቹን እንደሚጠሩት እጽፋቸዋለሁ፣ ተርሚናል ላይ ያው በላቲን ፊደል ትመቷቸዋላችሁ።

መጀመሪያ ዲኤፍ ሰረዝ ኤች። የትኛው ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) እንደሞላ ይነግራችኋል፤ ይሄን ሳታዩ መቆፈር አትጀምሩ፣ ምክንያቱም ሩት (የሁሉም ፎልደር መነሻ) ሞልቶ ሆም (የተጠቃሚዎች ፎልደር) ውስጥ ፋይል ብታጠፉ ሆም ለብቻው ፓርቲሽን ከሆነ ምንም አይለወጥም። ቀጥሎ ዲኤፍ ሰረዝ አይ። ይሄኛው የሚያሳየው አይኖድን፣ ማለትም የፋይል መረጃ የሚያዝበትን መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ፋይል አንድ አይኖድ ይይዛል፣ ኤክስት 4 በሚባለው ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ላይ ደግሞ ቁጥሩ ፋይል ሲስተሙ ሲፈጠር ይወሰንና ያልቃል። አንድ ፕሮግራም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ የሴሽን ፋይሎች ሲያራባ ከከረመ ግማሽ ዲስክ ባዶ እያለ «ቦታ የለም» የሚል ኤረር ይመጣል። ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ዲዩ፣ ፎልደሮች የያዙትን ቦታ የሚደምረው። ከሩት ጀምሩ፣ ጥልቀቱን 1 አድርጉት፣ ውጤቱን በሶርት ሰረዝ ኤች ደርድሩት። ሰረዝ ኤክስን አትርሱ። እሷ ከሌለች ዲዩ ማውንት ወደተደረጉ (ፎልደር ላይ ወደተገጠሙ) ሌሎች ዲስኮች ሁሉ ዘልቆ ይገባና ቁጥሩ ይደበላለቅባችኋል። ሱዱ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ) ካላደረጋችሁ ደግሞ ፈቃድ የሌላችሁን ፎልደር መቁጠር ስለማይችል ድምሩ ያንሳል። ትልቁን ፎልደር ይዛችሁ አንድ አንድ ደረጃ ውረዱ። ይሄ ከሰለቻችሁ ኤንሲዲዩ የሚባል መሣሪያ አለ፣ በቀስት እየወጡ እየወረዱ ማየት ነው፤ እኔ በበኩሌ እሱን ነው የምወደው።

ይሄ ሁሉ ግን የሚነግረን መጠን ነው። ዕድገትን ለማየት የዲዩን ውጤት ፋይል ላይ አስቀምጡት፣ አንድ ሰዓት ጠብቁ፣ ደግማችሁ አስኪዱትና ሁለቱን በዲፍ አወዳድሩ። የተለወጠው መስመር ላይ ነው ሌባው ያለው። ለመጠበቅ ጊዜ ከሌለ ፋይንድን ባለፉት 60 ደቂቃ የተነኩና ከ100 ሜጋ በላይ የሆኑ ፋይሎችን ብቻ እንዲያመጣ ጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ ከአምስት መስመር አይበልጥም። ዲዩ ራሱ ዲስክ ስለሚያጨናንቅ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ከሆነ ለሌሎች ሥራዎች ቅድሚያ እንዲሰጥ ከፊቱ አዮናይስ ጨምሩበት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። ዲኤፍ 95 ፐርሰንት ይላል፣ ዲዩ ደምሮ ደምሮ ግማሹን እንኳ አያገኝም። የቀረው የት ገባ?

አንድ ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ 40 ጊጋ የሚሆን ሎግ በአርኤም ሰርዤ ኩራት ተሰምቶኝ ዲኤፍ ብመታ ቁጥሩ ፍንክች አላለም። ለካ ፋይሉን የከፈተው ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) አልለቀቀውም ነበር። ሊኑክስ ላይ አርኤም የሚያጠፋው ስሙን ነው፤ ፋይሉን የያዘ ፕሮሰስ እስካለ ድረስ ዳታው ዲስኩ ላይ ይቆያል፣ በዚያ ላይ ስም ስለሌለው ዲዩ አያየውም። እንዲህ ያሉትን የሚያወጣው ኤልኤስኦኤፍ ፕላስ ኤል 1 ነው፣ ኤሉ ትልቁ ኤል። የፕሮሰሱን ቁጥርና የፋይሉን መጠን ይሰጣችኋል። ሰርቪሱን ሪስታርት ስታደርጉ ቦታው ይመለሳል። ሪስታርት የማይቻል ከሆነ ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ስር በፕሮሰሱ ቁጥር ገብታችሁ፣ ኤፍዲ (የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ያለውን ያንን ፋይል በትራንኬት ዜሮ ማድረግ ይቻላል፤ ቁጥሩን ሁለቴ ሳታዩ ግን አትምቱ። ሥራ ላይ ያለ ሎግን ከመጀመሪያውም በአርኤም ሳይሆን በትራንኬት ባዶ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛው መደበቂያ ከማውንት ስር ነው። ባክአፕ የሚቀመጥበት ውጫዊ ዲስክ አንድ ቀን ማውንት ሳይሆን ይቀራል እንበል። ስክሪፕቱ ምን ገዶት፣ ባዶው ፎልደር ላይ ይጽፋል፣ ማለትም ሩት ላይ። በማግስቱ ዲስኩ ተመልሶ ማውንት ሲደረግ ያ ሁሉ ባክአፕ ከስሩ ተሸፍኖ ይቀራል፣ ቦታ ይዟል ግን አይታይም። ሩትን በማውንት ባይንድ ሌላ ባዶ ፎልደር ላይ አምጡትና እዛ ላይ ዲዩ አስኪዱ፣ የተሸፈነው ብቅ ይላል።

ኤክስት 4 ሲፈጠር 5 ፐርሰንቱ ለሩት ዩዘር (ለአስተዳዳሪው) መጠባበቂያ እንደሚያዝም አትርሱ። የተያዘውና የቀረው ተደምረው ከጠቅላላው የሚያንሱት በዚህ ነው፣ ሌባ አይደለም።

ከልምድ ደጋግመው የሚያዙትን ልንገራችሁ። የሲስተምዲ ጆርናል (የሲስተሙ ሎግ ማከማቻ) ብዙ ጊዜ ይጠረጠራል፣ ግን በራሱ ከፋይል ሲስተሙ 10 ፐርሰንት፣ ቢበዛም ከ4 ጊጋ እንዳያልፍ ተገድቦ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ የሚያስኬደው ዶከር ግን ሌላ ነው። የኮንቴይነር ሎግ በጄሰን ፋይል ሲቀመጥ ገደብ ካላበጃችሁለት ገደብ የለውም፣ አንድ ኤረር የሚደጋግም ኮንቴይነር ዲስኩን ብቻውን ይጨርሰዋል። ዶከር ሲስተም ዲኤፍ ኢሜጁን (የኮንቴይነር መነሻ ቅጂ)፣ ኮንቴይነሩንና ቮልዩሙን (ቋሚ ዳታ ማስቀመጫ) ለይቶ ያሳያል፣ እነዚህን ሎጎች ግን አይቆጥርም፤ ለነሱ ቫር ሊብ ዶከር ውስጥ ያለውን የኮንቴይነርስ ፎልደር በዲዩ እዩት። ማክስ ሳይዝ የሚባለውን የሎግ ገደብ ስታስገቡ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩ ኮንቴይነሮች ብቻ ነው፣ የነበሩት እንደገና መፈጠር አለባቸው። ፕሩን (የማይሠራበትን የሚያጸዳውን) ስትመቱ ደግሞ ቮልዩም የሚለውን ሳታስቡ አትጨምሩ፣ ዳታቤዛችሁ እዛ ሊሆን ይችላል።

ማይኤስኪውኤል 8 የሚባለው ዳታቤዝ ባይነሪ ሎግን (የለውጦች መዝገቡን) ካልነካችሁት 30 ቀን ያስቀምጣል፣ ብዙ ዳታ የሚጻፍበት ዳታቤዝ ላይ ይሄ ቀላል አይደለም። ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ የዋል (የለውጦች መዝገብ) ፎልደር ካበጠ መጀመሪያ የሪፕሊኬሽን ስሎቶችን፣ ማለትም ለቅጂ ሰርቨር ዋልን የሚያቆዩትን እዩ። የሚያነበው ሰርቨር ከሞተ ወይም ከተወገደ ስሎቱ «ይመጣል» ብሎ ሁሉንም ይዞ ይጠብቃል። ስሎቱ የማይፈለግ ከሆነ እሱን አጥፉ፣ ፖስትግሬስ በራሱ ያጸዳል። በእጃችሁ ከዋል ፎልደር ውስጥ ፋይል መሰረዝ ግን በፍጹም፤ ዳታቤዙ ላይነሳ ይችላል።

ዲስኩ 95 ሲደርስ ብቻ የሚጮህ ማንቂያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በቀን ስንት ጊጋ እንደጨመረ የሚያይ ማንቂያ ይሻላል። እሱ ባይኖራችሁ እንኳ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው) ላይ በየሌሊቱ ዲዩ አስኪዳችሁ ውጤቱን በቀኑ ስም አስቀምጡ፣ የሚቀጥለው ጊዜ የምታወዳድሩት ነገር አስቀድሞ ይጠብቃችኋል። ዝርዝሮቹም ራሳቸው ስለሚከማቹ፣ ከ30 ቀን በላይ የሆናቸውን የሚሰርዝ አንድ መስመር እዛው ስክሪፕት ላይ ጨምሩበት።