ፖስት ሼዱል ስናደርግ የምንሸወድባቸው ነገሮች

ፖስት በኋላ በራሱ እንዲወጣ ቀድመን ስንሞላ (ሼዱል ስናደርግ) ብዙ ሰው የሚሸወደው ሰዓት ላይ ነው። አለቃ በቴሌግራም «ማታ 1 ሰዓት ይውጣ» ብሎ ያፀድቃል፣ ፖስት የሚያደርገው ልጅ ሜታ ቢዝነስ ስዊት (የፌስቡክና የኢንስታግራም ፖስት ቀድሞ የሚሞላበት) ገብቶ 1:00 ፒኤም ይሞላል፣ በቃ ፖስቱ ቀን በ7 ሰዓት ካዛንቺስ ያለው ሰራተኛ ሁሉ ምሳ ላይ እያለ ይወጣል። ማታ 1 ሰዓት እኮ 19:00 ነው። ስለዚህ የሚፀድቀው ሺት (የፖስቶቹ ሰንጠረዥ) ላይ ራሱ «ማታ 1 ሰዓት፣ 19:00» ብላችሁ በሁለቱም ፃፉት፣ የሚያፀድቀውም ሰው ሁለቱንም አይቶ እሺ ይበል። አካውንቱ በኒውዮርክ ሰዓት ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ ሴቲንጉን ወደ አዲስ አበባ ቀይሩት፣ «7 ሰዓት እየቀነስኩ እሞላለሁ» አይሰራም፣ እነሱ በዓመት ሁለቴ ሰዓት ስለሚቀይሩ ልዩነቱ አንዴ 7 አንዴ 8 ይሆናል።

ቀንም ያሳስታል። እንቁጣጣሽ ሁሌ ሴፕቴምበር 11 አይውልም፣ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ነበር። ኢድ ጨረቃ ስለሚጠበቅበት ፖስቱን አፀድቃችሁ ድራፍት ላይ አቆዩት።

አንድ ካፕሽን (ከፖስቱ ጋር የሚወጣውን ፅሁፍ) አፀድቆ ሁሉም ቦታ መልቀቅም ልክ አይደለም። ኢንስታግራም ካፕሽን ላይ ያለ ሊንክ ቢነኩትም አይከፍትም። ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ በነፃ አካውንት ገደቡ 280 ፊደል ነው ይባላል፣ ግን የኛ ፊደል አንዱ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር በአማርኛ 140 ገደማ ነው የምትፅፉት፣ ስለዚህ ለኤክስ አጠር ያለውን ለብቻው አስፀድቁ እንጂ ፖስት የሚያደርገው ልጅ በራሱ አይቁረጠው፣ ዋጋው ወይ «እስከ አርብ» የሚለው ተቆርጦ ሊቀር ይችላል።

የቆየ ፖስት ከመውጣቱ በፊት አድራሻና ስልኩ ድጋሚ ይታይ። ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ስንት ሱቅ ተነስቷል፣ ከዛ በፊት የፀደቀ ፖስት ደንበኛውን የሌለ ሱቅ ፍለጋ ያንከራትተዋል።

ፓስወርድ ከቀየራችሁ አካውንቱ ፖስት ከሚያወጣላችሁ ሌላ ቱል ጋር ያለው ግንኙነት ሊቋረጥ ይችላል፣ ያኔውኑ መልሳችሁ አገናኙትና ቀጣዩ ፖስት በትክክል መውጣቱን ፔጁ ላይ ገብታችሁ እዩ።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሀዘን ሲመጣ ነው። በ2016 ሐምሌ ከጎፋው የመሬት መንሸራተት በኋላ 3 ቀን ብሔራዊ ሀዘን ታውጆ ነበር፣ እንደዛ ባለ ቀን ከወር በፊት የፀደቀ የኮንሰርት ማስታወቂያ በራሱ ሰዓት ብቅ ቢል ሰው እንዴት ይቀየማል፣ መቀየሙም ትክክል ነው። ሁሉንም ፖስት ባንዴ ማቆም የሚችል፣ እሁድም ቢሆን ስልክ የሚያነሳ ሰው ይመደብ፣ እሱ ባይገኝ ማን እንደሚያቆመውም ከአሁኑ ይታወቅ፣ ለማቆም ደግሞ የአለቃ ፈቃድ አይጠበቅ።