ከርነል ኮምፓይል ሲደረግ ኤረር ቢመጣ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የሊኑክስ ከርነልን (የስርዓተ ክወናውን እምብርት) ለመጀመሪያ ጊዜ ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል ያደረግኩት፣ ማለትም ሰው ከጻፈው ኮድ ኮምፒውተሩ የሚያስኬደውን ፕሮግራም የሠራሁት፣ 4 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ማታ አስጀምሬው ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ስክሪኑ ላይ የቀረው የመጨረሻ መስመር «ኤረር 2» ይላል። ያንኑ መስመር ኮፒ አድርጌ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያገኘሁት መልስ ሁሉ የሌላ ሰው ችግር መልስ ነበር። ዛሬ ጀማሪዎች በቴሌግራም የስክሪን ፎቶ ሲልኩልኝ ያ ጠዋት ትዝ ይለኛል። ፎቶው ላይ የሚታየው ሁልጊዜ የመጨረሻው መስመር ነው። ችግሩ ግን እዚያ የለም።

የመጨረሻውን መስመር ይዞ መሮጥ

ከርነሉን የሚገነባው ሜክ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ሜክ ሥራውን በየፎልደሩ ይከፋፍላል። ዋናው ሜክ ለድራይቨሮች ፎልደር ሌላ ሜክ ያስነሳል፤ ያኛው ደግሞ በውስጡ ላለው የኔትወርክ ፎልደር ሌላ ያስነሳል። ከታች አንድ ፋይል ኮምፓይል መሆን ሲያቅተው የታችኛው ሜክ «ኤረር 1» ብሎ ያቆማል። ከበላዩ ያለው፣ ያስነሳው ሜክ እንደወደቀ ለመናገር ብቻ «ኤረር 2» ይላል። የዚያም የበላይ እንዲሁ። በመስመሮቹ መጀመሪያ የምታዩት ሜክ[3]፣ ሜክ[2]፣ ሜክ[1] የዚህ መሰላል ደረጃ ነው። መጨረሻ ላይ የሚጻፈው የላይኛው አለቃ ቃል ነው፤ እሱ ደግሞ ከታች ምን እንደተበላሸ አያውቅም።

ነገሩን የሚያከብደው ብዙዎቻችን ሥራው እንዲፈጥን በ«-ጄ8» ስምንት ፋይል ጎን ለጎን እንዲሠራ ማድረጋችን ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ሰባት የጀመሩትን ሳይጨርሱ አያቆሙም። እነሱ የሚጽፉት ሁሉ ከእውነተኛው ኤረር በታች ይደረደራል። ስለዚህ ኤረሩ ከመጨረሻው መስመር ሃምሳ ወይም መቶ መስመር ወደ ላይ ተቀብሮ ሊገኝ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሚወጣውን ጽሑፍ ሁሉ «ቲ» በሚባለው ትዕዛዝ ወደ አንድ ፋይል አስቀምጡት። ከዚያ ፋይሉን ከላይ ጀምራችሁ ከኋላው ሁለት ነጥብ ያለበትን የመጀመሪያውን «ኤረር» ፈልጉ። እሱ ከሌለ ሦስት ኮከብ ያለበትን የመጀመሪያውን መስመር ፈልጉ። አሁንም ካልታየ ሥራውን በ«-ጄ1» እንደገና አስነሱት። የተሠራው ሁሉ ስላለ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ውስጥ እዚያው ቦታ ይወድቃል። ያን ጊዜ ኤረሩ ብቻውን ፊት ለፊታችሁ ይቀመጣል። የወደቀውን ፋይል ስም ካወቃችሁ ደግሞ ለሜክ ያንን አንድ የኦብጀክት ፋይል (ኮምፓይለሩ ከአንድ የኮድ ፋይል የሚያወጣውን) ብቻ ሥራ ልትሉት ትችላላችሁ። እያንዳንዱን ሙከራ ለማየት አንድ ሰዓት መጠበቅ ቀረላችሁ ማለት ነው።

ፕሮግራሙን ከዴቭ ፓኬጁ ጋር ማምታታት

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ ቢያንስ እነዚህ ያስፈልጋሉ፦ ቢልድ-ኢሴንሻል፣ ፍሌክስ፣ ባይሰን፣ ቢሲ፣ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ እና ሊብኤልፍ-ዴቭ። ስህተቱ ያለው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ነው። ኤረሩ የኦፕንኤስኤስኤል ፋይል አላገኘሁም ሲል ሰው «ኦፕንኤስኤስኤል አለኝ እኮ!» ይላል። ልክ ነው፣ ፕሮግራሙ አለው። ኮምፓይለሩ የሚፈልገው ግን ሄደር ፋይሎቹን፣ ማለትም ኮዱ የሚጠራቸውን መግለጫዎች ነው። እነሱ የሚመጡት ስሙ በ«ዴቭ» በሚያልቀው ፓኬጅ ነው፤ ፌዶራ ላይ ከሆናችሁ በ«ዴቨል» የሚያልቀውን ፈልጉ። ፓሆል (የዲበግ መረጃ የሚያነብ መሣሪያ) የለም የሚል ኤረር ከመጣ ደግሞ በዚያ ስም ፈልጋችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ። ብዙ ቦታ የፓኬጁ ስም ድዋርቭስ ነው።

የኡቡንቱን ኮንፊግ ገልብጦ እንዳለ መጠቀም

ይኼኛው ብዙ ሰው የሚጥል ወጥመድ ነው። ቡት ፎልደር ውስጥ ያለውን የኮንፊግ ፋይል (ከርነሉ ውስጥ ምን እንደሚገባ የሚወስነውን ዝርዝር) ገልብጦ መጀመር ጥሩ ዘዴ ነው፤ ኮምፒውተራችሁ በዚያ ኮንፊግ በተሠራ ከርነል መነሳቱን አይታችኋልና። ግን ፋይሉ የተዘጋጀው ኡቡንቱን ለሚያዘጋጁት ሰዎች ማሽን ነው። ውስጡ «ሲስተም ትረስትድ ኪይስ» የሚል መስመር አለ። መስመሩ «ካኖኒካል-ሰርትስ» የሚባል የሰርተፊኬት ፋይል ያለበትን ቦታ ይጠቁማል። ያ ፋይል ከከርነል ዶት ኦርግ ባወረዳችሁት ሶርስ ኮድ ውስጥ የለም። ሜክ ሲደርስበት «ኖ ሩል ቱ ሜክ ታርጌት» ይላል። በእኛ ቋንቋ «ይህን ፋይል ፈልጌ አጣሁት፤ እንዴት እንደምሠራውም የነገረኝ የለም» እንደማለት ነው።

ሰው ይህን ሲያይ ሶርስ ኮዱ ጎድሎ የወረደ ይመስለውና ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነውን ፋይል እንደገና ዳውንሎድ ያደርጋል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። በጣም የሚያሳዝነኝም ይኼ ነው፤ መፍትሔው አንድ መስመር ባዶ ማድረግ ብቻ ነውና። በ«ስክሪፕትስ» ፎልደር ውስጥ ኮንፊግ የሚባል ትንሽ ስክሪፕት አለ። በእሱ «ሲስተም ትረስትድ ኪይስ»ን ባዶ አድርጉት። ቀጥሎ «ሲስተም ሪቮኬሽን ኪይስ» በሚለው ላይ ተመሳሳይ ኤረር ስለሚመጣ አብራችሁ አጥፉት። ሞጁሎቹን (ሲያስፈልጉ የሚጫኑትን የከርነሉ ክፍሎች) የሚፈርምበትን ቁልፍ ግንባታው ራሱ ያመነጫል።

ያው ኮንፊግ ሌላም ጣጣ ይዞ ይመጣል። የዲበግ (የስህተት ማደኛ) መረጃው ስለበራ የግንባታው ፎልደር ከ20 ጊጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ዲስኩ ሞልቶ የሚወድቀው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መሆኑ ያናድዳል። ከርነሉን ዲበግ ልታደርጉ ካላሰባችሁ «ሜክ ሜኑኮንፊግ» በሚከፍተው የምርጫ ገጽ ገብታችሁ «ከርነል ሃኪንግ» በሚለው ሥር አጥፉት። ሥራውን ማሳነስ ከፈለጋችሁ «ሎካልሞድኮንፊግ» አለ፤ አሁን ሥራ ላይ ያሉትን ሞጁሎች ብቻ ይዞ ሌላውን ይጥላል። ከማስኬዳችሁ በፊት ግን የምትጠቀሙበትን የዩኤስቢ ዕቃ ሁሉ ሰኩት። ያልተሰካ ዋይፋይ ድራይቨሩ ይቀራል።

ራምን ሳያዩ ቁጥር ማብዛት

ፕሮሰሰሩ ስምንት ኮር ስላለው ብቻ «-ጄ8» ማለት ሁልጊዜ ልክ አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ራም ይይዛል። መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲገጣጠም ደግሞ ብዙ ይበላል። ራም ሲያልቅ እየሠራ ያለው ከርነል ራሱ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል። ኤረሩ ውስጥ «ኪልድ» የሚል ቃል ካያችሁ ኮዱን አትመርምሩ፣ ኮዱ ምንም አልሆነም። የከርነሉን መልእክቶች በሚያሳየው «ዲሜሴጅ» ብታዩት «አውት ኦፍ ሜሞሪ» የሚል ታገኛላችሁ። ቁጥሩን ወደ ሁለት አውርዱ፣ ስዋፕ (ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ የሚያግዝ ቦታ) ጨምሩ፣ ዲበጉን አጥፉ። የእኔ «ኤረር 2» ምንጩ ይኼው ነበር።

አሮጌ ከርነል በአዲስ ኮምፓይለር

ለአንድ ቦርድ ወይም ለድሮ ስልክ ተብሎ የቆየ ከርነል የሚገነባ ሰው ይህ ሳይገጥመው አይቀርም። ከርነሉን ኮምፓይል የሚያደርገው ጂሲሲ በየስሪቱ ልማዱን ይቀይራል። በ2020 የወጣው ጂሲሲ 10 ተመሳሳይ ስም ያላቸው ግሎባል ቫሪያብሎችን ዝም ብሎ ማዋሃድ አቆመ። ከዚያ ወዲህ በቆዩ ከርነሎች ላይ «መልቲፕል ዴፊኒሽን ኦፍ ዋይዋይሎክ» የሚል ኤረር የተለመደ ሆነ። በ2025 የወጣው ጂሲሲ 15 ደግሞ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር ሲ23 የተባለውን የሲ ቋንቋ ደረጃ ይከተላል። በዚያ ደረጃ «ትሩ» እና «ፎልስ» የቋንቋው የራሱ ቃላት ሆነዋል። የቆየ ከርነል ግን ራሱ ሊሰይማቸው ይሞክራልና ይጋጫሉ።

እዚህ ላይ ሰው ኮዱን መነካካት ይጀምራል። ባይነካካ ይሻላል። መጀመሪያ የያዛችሁት ከርነል በዚያው መስመር የመጨረሻው እርማት መሆኑን አረጋግጡ። 5.10 ከሆነ ከ5.10 ሥር የወጣውን የቅርብ ጊዜውን አውርዱ፤ እንዲህ ያሉ ችግሮች ብዙ ጊዜ እዚያ ተስተካክለው ይቆያሉ። ካልሆነ የቆየ ጂሲሲ ከአዲሱ ጎን ጫኑና «ሲሲ» በሚባለው ቫሪያብል ለሜክ ንገሩት። «ሆስትሲሲ»ንም አትርሱ! የዋይዋይሎክ ኤረር የሚመጣው ለግንባታው ሲባል እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከሚሠራ መሣሪያ ነው። እሱን የሚሠራው ሆስትሲሲ ስለሆነ ሲሲን ብቻ መቀየር አያድንም። ከርነሉ ዝቅ ቢል የትኛውን የኮምፓይለር ስሪት እንደሚቀበል ደግሞ በዶክመንቴሽን ፎልደር፣ «ፕሮሰስ» ውስጥ፣ «ቼንጅስ» በሚል ፋይል ተጽፏል።

በድንጋጤ ሁሉንም ማጽዳት

«ሜክ ክሊን» የተገነባውን ያጠፋል፣ ኮንፊጉን ይተዋል። «ሜክ ኤምአርፕሮፐር» ኮንፊጉንም ይዞት ይሄዳል። ሦስት ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ያስተካከላችሁት ኮንፊግ በአንድ ትዕዛዝ ሄደ ማለት ነው። ከፎልደሩ ውጭ ኮፒ ይኑራችሁ።

በሱዶ መገንባት

ሱዶ (ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬጃ) የሚያስፈልገው ሲጫን ብቻ ነው። በሱዶ ከገነባችሁ ፋይሎቹ የሩት (የአስተዳዳሪው) ይሆኑና በሚቀጥለው ቀን በራሳችሁ ስም ስትሞክሩ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ይላችኋል።

የፎልደሩን ቦታ አለማየት

የፎልደሩ ስም ወይም መንገዱ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ሜክ ገና ሲጀምር እንቢ ይላል። በዊንዶውስ ላይ በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ ማስኬጃ) የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሶርስ ኮዱን ሲ ድራይቭ ላይ አትፍቱት። በከርነሉ ውስጥ ስማቸው የሚለየው በትልቅና በትንሽ ፊደል ብቻ የሆነ ፋይሎች አሉ። ዊንዶውስ እንደ አንድ ስለሚቆጥራቸው አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል። በሊኑክሱ የራሱ ሆም ፎልደር ውስጥ ፍቱት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ዝም ብሎ መቀጠል

ግንባታውን በኮንትሮል ሲ ስታቆሙት ሜክ ያልጨረሰውን ፋይል ራሱ ይሰርዛል። መብራት ሲሄድ ግን ለዚያ ጊዜ የለውም። በግማሽ የተጻፈ ወይም ዜሮ ባይት የሆነ የኦብጀክት ፋይል ሊቀር ይችላል። ሜክ በዋናነት የሚያየው ሰዓቱን ነው፤ ከሶርሱ አዲስ ስለሆነ ያለቀ መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ከዚያ በኋላ ሲገጣጠም «ፋይል ኖት ሪኮግናይዝድ» ይመጣል። ኤረሩ የጠራውን የኦብጀክት ፋይል አጥፉና ሜክን ድገሙት። ብዙ ከሆኑ ሜክ ክሊን ይበቃል። የላፕቶፑ የሰዓት ባትሪ አልቆ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰም ሜክ «ክሎክ ስኪው» እያለ ያስጠነቅቃል። ቀኑን ሳታስተካክሉ አትቀጥሉ።

በየጊዜው ቦታ የሚቀይረውን ኤረር ከኮዱ መፈለግ

የኮድ ስህተት ሁልጊዜ እዚያው ፋይል፣ እዚያው መስመር ላይ ይወድቃል። አንዴ በድምፅ ድራይቨር፣ ሌላ ጊዜ በፋይል ሲስተም፣ ሲደገም ሌላ ቦታ «ሴግሜንቴሽን ፎልት» እያለ ኮምፓይለሩ ራሱ ከወደቀ ሃርድዌሩን ጠርጥሩ። አንድ ጓደኛዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጂሲሲን እያወረደ እየጫነ ለፍቷል። ማታ የራም መፈተሻውን ሜምቴስት86+ን ከፍላሽ አስነስተን ተውነው። ጠዋት ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞልቶ ጠበቀን። ካሉት ሁለት ራሞች አንዱን ነቅለን ያንኑ ሶርስ ኮድ በዚያው ኮንፊግ ከሜክ ክሊን በኋላ አስጀመርነው። በግማሽ ራም ቀስ እያለ ሄዶ ከሰዓት በኋላ አለቀ።