የፌስታል ክልከላ በጅማ፦ የሕዝብ ድጋፍ ስናሰባስብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በ2017 ዓ.ም. የፀደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚውል ፌስታልን ከልክሏል፤ ይዞ የተገኘ ግለሰብም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ደንግጓል። ሕጉን በየሰፈሩ የሚያጸናው ግን የነዋሪው ድጋፍ ስለሆነ፣ በጅማ በቅስቀሳው የምንሳተፍ ሁሉ ከሚከተሉት ስህተቶች ልንጠነቀቅ ይገባል።

የመጀመሪያውና በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ የወጣን እጅ እንደ ድጋፍ መቁጠር ነው። «ፌስታል ይከልከል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ እጁን የማያወጣ ሰው ጥቂት ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ያው ሰው ከሥራ ሲመለስ ሳያስበው ቲማቲምና ሽንኩርት ቢገዛ በምን ይዞ እንደሚገባ፣ ሥጋ ቤት ጎራ ቢል በምን እንዲጠቀለልለት እንደሚፈልግ፣ ለዘንቢልስ ስንት ብር ለማውጣት አቅም እንዳለው ነው። «ይከብደኛል» የሚል መልስ የሰማ አስተባባሪ ቅር ሊለው አይገባም፤ ከክልከላው በፊት ምን መዘጋጀት እንዳለበት የነገረው ያ ሰው ነውና።

ሁለተኛው ስህተት ቁጥጥሩን ከጉሊት መጀመር ነው። በሄርማታ መርካቶ መደብ ዘርግታ ቃሪያ የምትሸጥ እናት ፌስታሉን አላመረተችውም፣ ከውጭም አላስመጣችውም፤ የምትሰጠው ገዢው ስለሚጠይቃት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የ0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረትን መለያ አድርጎ ስስ ፌስታልን ቢገድብም፣ ፌስታሉ ከገበያ ሳይጠፋ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም አምራቹና ጅምላ አከፋፋዩ ሳይነኩ ባለ መደቧ ብቻ ከተቀጣች፣ ሕዝቡ ሕጉን ድሃ ማሳደጃ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

ሦስተኛው፣ ምትክ የተባለውን ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማቅረብ ነው። ጨርቅ የሚመስሉት ብዙዎቹ የገበያ ከረጢቶች ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። የጥጥ ከረጢትም ቢሆን ምርቱ ብዙ ውኃና ጉልበት ይፈጃል፤ የብሪታንያ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና ከአንድ ተራ ፌስታል በታች እንዲሆን 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። ስለዚህ ነዋሪውን አዲስ ከረጢት እንዲገዛ ከመገፋፋት ይልቅ፣ ቤቱ ያለውን ዘንቢል፣ ቅርጫት ወይም የታጠበ ማዳበሪያ ይዞ እንዲወጣ ማበረታታት ይሻላል።

የሩቅ ባሕር ዓሣዎችን ፎቶ እያሳዩ መቀስቀስም ብዙ አያራምድም። የጅማ ሰው የሚያውቀው የአዌቱን ወንዝ ነው፤ በክረምት ፌስታል የደፈነው ቦይ ሞልቶ መንገድ ላይ ሲፈስ፣ የቀረው ደግሞ በወንዙ ተገፍቶ ወደ ቦዬ ረግረግ ሲወርድ። የውጭ ምሳሌ ካስፈለገም ባንግላዴሽ ለእኛ ትቀርባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ ፌስታልን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ የሆነችው ፌስታሉ የፍሳሽ መውረጃዎችን እየዘጋ ጎርፉን ስላባባሰባት ነበር።

ቅስቀሳውን በአማርኛ ብቻ ማካሄድ ከገጠር ቀበሌዎች ለገበያ የሚመጣውን አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ገና ከመነሻው ያገልላል። በጽዳት ዘመቻ የተለቀመውን ፌስታል እዚያው ክምር አድርጎ ማቃጠልም መቅረት አለበት፤ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ፣ የተሰበሰበው ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ይሰጥ።