ለእንቅልፍ አፕኒያ በልክ የሚሰራ የአፍ መሳሪያ፡ ከምርመራ እስከ ማስተካከል

ሌሊት እያንኮራፋ ድንገት ፀጥ የሚል፣ ከዛ አየር እየሳበ የሚባንን ሰው ቤታችሁ ካለ ይሄ ለሱ ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ምላስና ለስላሳው ላንቃ ወደኋላ ይወድቁና የአየር መንገዱን ይዘጉታል፣ ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ሰውየውን ትንሽ ይቀሰቅሰዋል፣ ይተኛል፣ እንደገና ይዘጋል፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደዛ ነው፣ የእንቅልፍ አፕኒያ የሚባለው ይሄ ነው። ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ሲቆይ ደግሞ ደም ግፊት። አሜሪካ ኡበርና ትራክ የሚነዳ ወገናችን ብዙ ስለሆነ መሪ ላይ ማንቀላፋቱ በጣም ያሳስበኛል።

ሲፓፕ፣ ማለትም በማስክ አየር እየገፋ የአየር መንገዱን ክፍት የሚያደርግ ማሽን፣ ታዞለት ማስኩን መልመድ አቅቶት ማሽኑን አልጋ ስር የከተተ ሰው ህክምናው አበቃ ብሎ መቀመጥ የለበትም። የታችኛውን መንጋጋ እንደ መሳቢያ ትንሽ ወደፊት ስቦ የሚይዝ፣ ምላስንም አብሮ የሚያነሳ፣ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ መሳሪያ አለ።

መጀመሪያ የእንቅልፍ ምርመራ አድርጉ፣ የእንቅልፍ ላቦራቶሪ አድራችሁም ሆነ ቤት በሚሰጣችሁ እቃ። ውጤቱ ላይ ትንፋሽ በሰአት ስንት ጊዜ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚቀንስ ቁጥር ታገኛላችሁ፡ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዛ በላይ ከባድ ነው። መሳሪያው ይበልጥ የሚሳካው ቀላልና መካከለኛ ላይ ነው። ከባድ ከሆነ ሲፓፕ ይቀድማል፣ ጭራሽ ካልቻላችሁት ግን ያለ ህክምና ከመተኛት ይሄኛው ይሻላል። ማዘዣውን የሚፅፈው ሀኪም ነው፣ አሜሪካ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የጥርስ ሳይሆን የጤና ኢንሹራንሱ ስለሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ።

ከዛ በእንቅልፍ ህክምና የሰለጠነ የጥርስ ሀኪም ፈልጉ። መሳሪያውን የሚሸከሙ በቂና ጠንካራ ጥርሶች አሉ ወይ፣ ድዱ ጤነኛ ነው ወይ፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ያማል ወይ ብሎ ያያል፣ ጥርሱ በሙሉ አርቴፊሻል የሆነ ሰው ላይ ይሄ አይነቱ የሚይዝበት የለውም። የሚሞላ ጥርስ ካላችሁ አስቀድማችሁ አስጨርሱ። ቀጥሎ አፋችሁን በስካነር ወይም በልክ መውሰጃ ሊጥ ይለካል፣ መንጋጋችሁን ምን ያህል ወደፊት ማውጣት እንደምትችሉ ያያል፣ ብዙ ጊዜ ከዛ ግማሽ ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ያስጀምራችኋል። በሙቅ ውሃ አለስልሳችሁ የምትነክሱትን የኦንላይን ርካሽ እቃ እባካችሁ ተዉት፣ በ2015 የአሜሪካ የእንቅልፍ ሀኪሞችና የጥርስ ሀኪሞች በጋራ ያወጡት መመሪያም የሚመርጠው በልክ የተሰራውንና የሚስተካከለውን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ቦታ ጋ ደረስን። መሳሪያውን ተቀብሎ መሄድ ገና ጅማሬ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለሀጭ ይበዛል ወይ አፍ ይደርቃል፣ ጠዋት መንጋጋ ይደክማል፣ ብዙውን ጊዜ ይሄ እየቀነሰ ይመጣል። ከዛ በሀኪሙ ትእዛዝ መሳሪያው ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞራችሁ መንጋጋውን ወደፊት ትስባላችሁ፣ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፣ ቶሎ ልዳን ብላችሁ በአንዴ ብዙ እንዳታዞሩ መገጣጠሚያው ይታመማል። ማንኮራፋቱ ሲጠፋ ሚስትም ባልም ደስ ይላቸዋል፣ ግን ድምፁ ጠፋ ማለት አፕኒያው ጠፋ ማለት አይደለም፣ ያለ ድምፅም ትንፋሽ ይቋረጣል። ስለዚ ማስተካከሉ ሲያልቅ መሳሪያውን አድርጋችሁ የእንቅልፍ ምርመራውን ድገሙት፣ ሀኪሙ ባያነሳው እንኳን እናንተ ጠይቁ፣ ያ ቁጥር መውረዱን ሳታዩ ድኛለሁ እንዳትሉ።

ጠዋት ስታወልቁት የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በደንብ ላይገጥም ይችላል፣ ለዚህ ሀኪሙ የሚሰጣችሁን የጠዋት መንከሻ፣ ነክሳችሁት መንጋጋውን ወደ ቦታው የሚመልስ እቃ ነው፣ ተጠቀሙ፣ ምክንያቱም በአመታት ውስጥ አነካከስ ቀስ እያለ ሊለወጥ ይችላል። በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ የፈላ ውሃ ቅርፁን ያበላሸዋል፣ የጥርስ ሳሙናም ይፍቀዋል። ክትትል አታቋርጡ፣ ኪሎ ከጨመራችሁ ወይም ማንኮራፋቱ ከተመለሰ ተመርመሩ፣ አዲስ ክራውን (ጥርስ ላይ የሚለበስ ሽፋን) የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ መሳሪያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የጥርሱ ቅርፅ ትንሽ ከተለወጠ አይገባም።