የሚረጨው ስቱኮ መንሸራተቱን ያቆመው
ደብረ ብርሃን ውስጥ የጂፕሰም ቦርድ ግድግዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፕሬሰር (በአየር መጭመቂያ) ስቱኮ፣ ማለትም የግድግዳ ማለስለሻ ልስን፣ ስረጭ፣ ጠብታው በተለሰነው የቦርዶቹ መገጣጠሚያ ላይ ቶሎ ይደርቃል፤ የቦርዱ የወረቀት ሽፋን ላይ ግን ይንሸራተታል። ነገሩ የመምጠጥ ልዩነት ነው፤ የተለሰነው ስፍራ ከቦርዱ ወረቀት ይበልጥ ውኃ ይስባል። ፕራይመር (ከሌላው በፊት የሚቀባ መሠረት ቀለም) ቀብቼ በደንብ ሲደርቅ ሁሉም እኩል ያዘ።

ስቱኮውን እንደ እንጀራ ሊጥ አቅጥኜ በወንፊት አጠለልኩት፤ መርጫውን ለመድፈን አንዲት ጓል ትበቃለች። ከግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቄ፣ የመርጫውን ምላጭ ከመሳቤ በፊት እጄን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ፤ የቆመ እጅ አንድ ቦታ ላይ ይከምራል። የአየር ግፊቱ ሲጨምር ጠብታው ይደቃል፣ ሲቀንስ ይጎላል፤ ይህንን አስቀድሞ በካርቶን ላይ ሞክሮ መለየት ይሻላል። መስኮቱንና ወለሉን በላስቲክ መሸፈን ግድ ነው፤ አለዚያ ማጽዳቱ ከርጭቱ ይብሳል። የደብረ ብርሃን ብርድ ማድረቂያ ጊዜውን ስለሚያረዝም፣ የምረጨው ረፋድ ላይ ነው።