የኩንታሉን ስሌት ስሕተት እንዴት እንዳገኘነው

ደሴ ሆነን ለእህል ነጋዴዎች የምናዘጋጀው የመጋዘን ፕሮግራም ኮምቦልቻ ባለ አንድ ደንበኛችን ዘንድ 1 ኩንታል ጤፍን 50 ኪሎ አድርጎ ማስላት ጀመረ፤ ቢሮአችን ባለው ቅጂ ላይ ግን ስሌቱ ትክክል ነበር።

ከስሕተቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የተስተካከለ የመጨረሻ» እየተባሉ ከተከማቹት 16 ፎልደሮች መካከል የትኛው ለደንበኛው እንደተጫነ ማናችንም በእርግጠኝነት መናገር አለመቻላችን ነው። የሶፍትዌር ውቅር አስተዳደር (የፕሮግራምን እትሞችና ለውጦች መዝግቦ የመቆጣጠር ሥራ) እያንዳንዱን እትም በማያሻማ ስም ከመለየት የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ፎልደሮቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) ሥራ ብሎ ወደፈጠረው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ፣ ጊት፣ አስገባኋቸው። «ጊት ባይሴክት» የተባለው ትእዛዝ የለውጦቹን ታሪክ በየጊዜው ለሁለት እየከፈለ ስለሚያስፈትሽ፣ ስሕተቱን ያስገባውን ለውጥ በ4 ሙከራ ብቻ አገኘሁት፦ የአፈር ማዳበሪያ ከረጢት ክብደት የሆነው 50፣ የኩንታል መለኪያ በሆነው 100 ቦታ ገብቷል። ቢሮአችን የነበረው ቅጂ ከዚህ ለውጥ በፊት የተሠራ ኖሯል።

መስመሩን ማረም የደቂቃ ሥራ ነበር። ጊዜ የወሰደው ሌላው ነው፤ ለደንበኛ የሚሄደውን እያንዳንዱን እትም በጊት ታግ (የእትሙን ቁጥር በያዘ መለያ) ለየነው፣ ቁጥሩም በፕሮግራሙ መክፈቻ ገጽ ላይ እንዲታይ አደረግን፣ የየደንበኛውን ቅንብር ከኮዱ አውጥተን በተለየ ፋይል አስቀመጥን፤ ማንኛውም ለውጥ ምክንያቱ ሳይጻፍና ሌላ ባልደረባ ሳያየው ወደ ዋናው ቅርንጫፍ፣ ማለትም ወደ ዋናው የኮድ መስመር፣ እንዳይገባም ተስማማን። አሁን ከኮምቦልቻ ሲደወል በቅድሚያ የምጠይቀው የእትሙን ቁጥር ነው።